ቁጥሩ አንድ፥ ልኩ ሁለት

ቁጥር ያለ ልኩ ምስክር እንደማይሆን ከብዙ ዘመን ጀምሮ የማውቀው ይመስለኝ ነበረ። በፍኖተ ሰላም የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ቃል ስመዘግብ፥ አንዱ ምስክር «ቅርብ ነው፤ ሰው ቢጣራ ይሰማል» ይላል፤ ከቡሬ ቆላ የመጣው ደግሞ «የግማሽ ቀን መንገድ ነው» ይላል። እኔም በእግር ወይም በበቅሎ፥ ሽቅብ ወይም ቁልቁል መሆኑ ይጠየቅልኝ ብዬ ለዳኛው አሳስባለሁ።

በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያነበብሁት ወንጌልም ይህንኑ ያስተምራል። በአማርኛው ማቴዎስ 5 ላይ «ምዕራፍ» የተባለው የሮማውያን ማይል ነው፤ ልኩም ወደ 1,480 ሜትር ነው። በሉቃስ 24 ኤማሁስ ከኢየሩሳሌም የምትርቅበት ስድሳ ምዕራፍ ግን በግሪኩ ስታድዮን ነው፤ እያንዳንዱም 200 ሜትር አይሞላም። ስሙ አንድ ሲሆን ልኩ ሁለት መሆኑን ያስረዱኝ በኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ መምህር ናቸው።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ በ2016 ዓ.ም. የእኅቴን ልጅ ልጠይቅ ወደ አሜሪካ፥ ቨርጂኒያ ወደሚባለው ግዛት ሄድሁ። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለውን ወደ 30 ኪሎሜትር የሚሆን መንገድ ብዙ ጊዜ ነድቼበታለሁና፥ እርስዋ አውቶሞቢልዋን በሰጠችኝ ጊዜ መሪውን ያለ ፍርሃት ያዝሁ። በመኖሪያ ሰፈር ስናልፍ የፍጥነቱ መርፌ 40 ላይ ነበረ። 40 በአገሬ የጨዋ ሰው አነዳድ ነው፤ በፊት ለፊት ጋሪ ወይም ከብት ቢገባ ለመቆም ጊዜ ይሰጣል። በመንገዱ ዳር 25 የሚል ምልክት ባይም፥ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ ነው ብዬ ናቅሁት።

ድንገት አንድ ሕፃን ኳሱን ተከትሎ ከአጥር ወጣ። የእኅቴ ልጅ «ጋሼ፥ ፍሬን ይያዙ!» ብላ ጮኸች። ባለኝ ኃይል ረገጥሁት፤ አውቶሞቢሉም ከሕፃኑ ሁለት ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ። እናቱ እየሮጠች መጥታ አነሣችው። አንድ ቃል አልተናገረችኝም፤ አስተያየትዋ ግን ከብዙ ውሳኔ ይልቅ ከበደኝ።

ማታ ወረቀት ይዤ አሰላሁ። አንድ ማይል 1,609 ሜትር ነውና 40 ማይል 64 ኪሎሜትር ሆነ፤ የናቅሁት 25ም የእኛው 40 ኖሮአል። በሰዓት 40 ኪሎሜትር የሚነዳ በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ሲያልፍ፥ በ40 ማይል የሚነዳ 18 ሜትር ያልፋል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የፍሬን ርቀት አራት እጥፍ ይሆናልና፥ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የፈለግሁት ርቀት ካሰብሁት ሁለት እጥፍ ተኩል ነበረ።

ስለዚህ ወደ አሜሪካ ወይም ወደ እንግሊዝ የሚሄድ ሰው ማይሉን በ8 አባዝቶ ለ5 ቢያካፍል ኪሎሜትሩን በቅርብ ያገኘዋል። ወደ ኬንያ የሚሄድ ግን ልኩ እንደ እኛው ኪሎሜትር ሲሆን፥ የሚነዳው በግራ ወገን መሆኑን ያስብ።

እኔ ከተመለስሁ ወዲህ ምስክር ርቀት ሲናገር ልኩን ማስጠየቅን አልተውሁም። ነገር ግን እንደ ቀድሞው በባላገሩ ላይ ፈገግ አልልም።