ጌሙ፣ ጋብቻው እና ፍርሃታችን

በአገራችን መቶ ሰው ተሰብስቦ ዘጠና ሰባቱ በአንድ ቃል የሚስማሙበት ጉዳይ አለ ቢባል ማን ያምናል? በባንዲራ አንስማማም። በታሪክ አንስማማም። በፌዴራሊዝም ላይ ስንት ነገር እንደተባባልን ደግሞ አንባቢ ያውቀዋል። ይሁንና ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2007 ባካሄደው ዓለም አቀፍ የአመለካከት ጥናት፣ ግብረ ሰዶም በኅብረተሰቡ ዘንድ ተቀባይነት ሊያገኝ አይገባም ብለው የመለሱት ኢትዮጵያውያን 97 በመቶ ነበሩ። ልብ በሉ፤ ጥያቄው ስለ ጋብቻ እንኳ አልነበረም። ስለ ተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ የቀሩት ሦስቱም መመናመናቸው እንደማይቀር መገመት አያዳግትም።

ሕጉም ከሕዝቡ ጋር ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ድርጊቱን በአንቀጽ 600 ይቀጣ ነበር፤ ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 629 በእስራት ይቀጣል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ስለ ጋብቻ ሲናገር የሚናገረው ስለ ወንዶችና ሴቶች ነው፤ የቤተሰብ ሕጉም እንዲሁ። የሃይማኖት አባቶች አንድ ቃል ናቸው። በሌላው ሁሉ የሚለያዩት ፖለቲከኞችም በዚህ አይለያዩም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ስምምነታችን እንዲህ ጽኑ ከሆነ፣ ፍርሃታችን ስለ ምን በየጊዜው ያድጋል?

ወደ ኋላ መለስ ብለን እንይ። በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. የልዩ ልዩ ሃይማኖት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ክልከላው በሕገ መንግሥቱ እንዲሰፍር ጠየቁ። በ2006 ዓ.ም. ወንጀሉን ይቅርታ ከማያሰጡት ተርታ ለማስገባት ታስቦ ሳይሆን ቀረ፤ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ሊደረግ የታሰበ የተቃውሞ ሰልፍም ተሰረዘ። በ2011 ዓ.ም. ቶቶ ቱርስ የተባለ የቺካጎ አስጎብኚ ድርጅት ደንበኞቹን ይዞ ላሊበላን ጭምር ሊጎበኝ አቅዷል ተብሎ አገር ተናወጠ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ የሰላምና ጸጥታ ቢሮ በሆቴሎችና በመዝናኛ ቤቶች ላይ እርምጃ መውሰድ መጀመሩን አስታወቀ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ግን ለአንድ የወረዳ ፍርድ ቤት፣ ለአንድ የክብር መዝገብ ሹም፣ ለምክር ቤቱም ቢሆን «ከመሰል ጾታዬ ጋር አጋቡኝ» ብሎ ያመለከተ ሰው አልሰማንም። ማንም ያልጠየቀውን ሰርግ ለመከልከል ስንት ጊዜ በር ላይ ቆምን?

«አይ፤ ነገሩ የሚገባው በበር አይደለም፣ በስክሪን ነው» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። በፊልሙ፣ በካርቱኑ፣ በጌሙ። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ስለ ጌም ከተነሣ ደግሞ የምመሰክረው አለኝ።

ያደግሁት በመተማ ዮሐንስ ነው። ለማያውቋት፣ ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ በኩል ወደ ምዕራብ ቆላ የሚወርደው መንገድ የሚያልቅባት፣ የሰሊጥና የጥጥ ንግድ የሚጧጧፍባት የድንበር ከተማ ናት። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከድርቡሽ ጦር ጋር ሲዋጉ የወደቁት እዚያ በመሆኑ ስማቸውን ይዛለች። ትንሿን ድልድይ የተሻገረ ገላባት ይገባል፤ ያ ሱዳን ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ወዲህ በዚያ ድልድይ የመጣው በአብዛኛው ነፍሱን ያተረፈ ስደተኛ ነው። በእኛ ጊዜ ግን ሻይ ቅጠሉም፣ ሽቶውም፣ ቴሌቪዥኑም በዚያ ነበር የሚገባው። ስለዚህ «ባዕድ ነገር ገባ» የሚለው ጩኸት ለመተማ ልጅ አዲስ አይደለም። ባዕድ ነገር ሲገባ እያየን ነው ያደግነው።

የመጀመሪያው ጌማችን ከቴሌቪዥን ጋር የሚሰካ፣ ባለ ካሴቱ ነበር። ካሴቱ እንቢ ሲል አውጥተን እፍ እንልበታለን፤ ማርዮ እንደገና ይዘላል። በ1995 ዓ.ም. ገደማ ከገዳሪፍ ነጋዴዎች ጋር የሚሠራው ታላቅ ወንድማችን አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ይዞልን መጣ፤ ከጎንደር ፒያሳ ደግሞ «ዘ ሲምስ» የሚባል ጌም በሲዲ ተቀድቶ ደረሰን። ጠላት የሌለበት፣ ጥይት የሌለበት ጌም ነው። ሰው ትፈጥራለህ፤ ቤት ትሠራለታለህ፤ ሥራ ታስገባዋለህ፤ ሂሳቡን ካልከፈለ ሰው መጥቶ ዕቃውን ይወስድበታል። ማታ ጄኔሬተሩ ሲነሣ ቤተሰቡ በሙሉ ከዚያች ስክሪን ፊት ይሰበሰባል። እናቴ ሰዎቹ የሚናገሩት ቋንቋ ይገርማቸው ነበር። «ዐረብኛም አይደል፣ እንግሊዝኛም አይደል፤ የምን አገር ሰዎች ናቸው?» ይላሉ። ቋንቋው ለጌሙ ተብሎ የተፈጠረ፣ ትርጉም የሌለው መሆኑን ስንነግራቸው አላመኑንም። ምድጃ ፊት ቆማ በየቀኑ እሳት የምታስነሣዋን ሴትዮ ግን በሚገባ ታዝበዋት ነበር፤ «እናቷ ምንም አላስተማረቻትም» ብለው ፈረዱባት።

አንድ ማታ ታናሽ እኅቴ አንድ ቤት ውስጥ ያኖረቻቸው ሁለት ወንዶች ተቃቀፉ፤ ከስማቸው አጠገብም ቀይ ልብ ታየ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እናቴ ቀስ ብለው «ወንድማማቾች ናቸው?» አሉ። እኅቴ «አይደሉም እማዬ፤ ጌሙ ይፈቅዳል» አለች። እናቴ አማተቡ። «ይህማ ነውር ነው፤ አጥፊው» አሉ። በመምህርነት ሃያ ዓመት ያገለገሉት አባቴ ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ «ነውር መሆኑስ ነውር ነው። ነገር ግን በየጥሩ ተማሪዎቼን ከክፍል አውጥቶ የሚድራቸው ይህ ማሽን አይደለም» አሉ። ሌላ አልተናገሩም። እኅቴም አንደኛውን ወንድ ሌላ ቤት ሠርታ አስወጣችው፤ ጌሙ ቀጠለ፤ ጄኔሬተሩ ሲጠፋም ተኛን።

ያ ጌም በታሪኩ ቀላል ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲወጣ ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ገጸ ባሕርያት እንዲፋቀሩ ይፈቅዳል እንጂ አያጋባም ነበር። በ2004 የወጣው ሁለተኛው እትም ከጋብቻ የተለየ ስም ያለው ጥምረት ፈቀደ፤ በ2009 የወጣው ሦስተኛው ልዩነቱን አንሥቶ አጋባቸው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ይህን በመላ አገሪቱ የፈቀደው በሰኔ 2015 ነው። ጌሙ ሕጉን ስድስት ዓመት ቀደመው ማለት ነው። በጋለፕ መጠይቅ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1996 ጋብቻውን የሚደግፈው አሜሪካዊ 27 በመቶ ብቻ ነበር፤ በ2015 ወደ 60 በመቶ ደረሰ።

«ይኸው፤ ጌሙ ነው የለወጣቸው!» የሚል ይኖራል። ነገር ግን አሜሪካውያኑ ራሳቸው ሐሳባቸውን ለምን እንደለወጡ ሲጠየቁ በግንባር ቀደምነት የሚጠቅሱት በቅርብ የሚያውቁትን ሰው ነው፤ ወንድም፣ የአክስት ልጅ፣ የሥራ ባልደረባ። ያው ጌም በመተማም ተጫውቷል፤ ከዚያች ክፍል የወጣን አምስት ልጆች ሁላችንም ወላጆቻችን ባገቡበት ሥርዓት አግብተናል። አምስት ሰው ናሙና እንደማይሆን ለተማሪዎቼ ስናገር ስለኖርኩ ይህን እንደ ማስረጃ አላቀርበውም። የምለው ሌላ ነው። በዚያች ክፍል ውስጥ ነገሩ ታየ፣ ተጠየቀ፣ ተነቀፈ፣ ተመለሰለት፤ ማንም ግን ማንንም አልጠረጠረም።

ዛሬ ስክሪኑ አንድ አይደለም፤ በየኪሱ ነው። እናት የልጇን ስልክ አታይም፤ አባትም አስተያየት የሚሰጥበት ወንበር የለውም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቲክቶክ ላይ የሰዎችን ፎቶግራፍ እየለጠፉ «እነዚህ ናቸው» የሚሉ ቪዲዮዎች ሲዘዋወሩ የምናስታውሰው ነው። ከተማሪዎቼ አንዱ፣ ከዚያው ከእኛ ቆላ የመጣ ልጅ፣ ፎቶግራፉ ተለጠፈበት። ወንጀሉ ምን ነበር? ከአብሮ አደጉ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ መሄዱ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ትምህርቱን አቋርጦ ሄደ። ልጁ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ አያገባኝምም። የሚያገባኝ ከፈተናው አንድ ወር ቀድሞ ወንበሩ ባዶ መሆኑ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። በአገራችን ሁለት ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው መሄዳቸው ከመቼ ወዲህ ነው ጉድ የሆነው? አያቶቻችን እንዲህ ነው ገበያ የወጡት። ወታደሩ ከባልንጀራው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፎ ነው የሚዘፍነው። ሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርደው ሳሉግ በበረሃው ዳስ ውስጥ ከጓደኛው ጋር አንድ ጋቢ ለሁለት ለብሶ ነው የሚያድረው። ባዕዳን ጎብኚዎች ይህን አይተው ሲገረሙ፣ «ይህ ወንድማማችነት ነው፤ እናንተ ጋ የሌለ» እያልን እንኮራባቸው ነበር። አሁን ተማሪዎቼን አያለሁ፤ ተያይዘው ሲመጡ የስልክ ካሜራ ያዩ እንደሆነ እጅ ለእጅ ይላቀቃሉ።

እንግዲህ በስክሪን የገባው ባዕድ ነገር ይህ ነው። ጋብቻው አልገባም፤ ጥርጣሬው ገብቷል። ወንድ ልጅ ወንድሙን ሲያቅፍ በክፉ ዐይን ማየትን ከአያቶቻችን አልወረስነውም። ባህላችንን ከምዕራባውያን እንጠብቃለን ስንል የምዕራባውያኑን ዐይን ተውሰን ባህላችንን ማየት ጀመርን።

ጋብቻን በሚመለከት እምነቴ አያቶቼ በተክሊል የተጋቡባት ቤተ ክርስቲያን ያስተማረችኝ ነው፤ አልደብቀውም። ይህ ጽሑፍ ሕጉ ይለወጥ የሚል አቤቱታም አይደለም። ነገር ግን ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ቤት ጥፋተኛ እስካልተባለ ንጹሕ ሆኖ እንደሚቆጠር ይናገራል፤ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወቱን ይጠብቅለታል። አንቀጽ 34ን እየጠቀስን 20ንና 26ን የምንዘል ከሆነ ሕግ አክባሪ አይደለንም፤ መራጭ ነን። ድልድዩን ተሻግራ ያለችው ሱዳን እንኳ እ.ኤ.አ. በ2020 በዚሁ ድርጊት ላይ የነበረውን የሞትና የግርፋት ቅጣት አንሥታ እስራቱን ስታስቀር፣ ለጋብቻው መንገድ ከፈተች ያላት የለም። የጸና እምነት ያለው ሰው አይቸኩልም፤ ድንጋይም አያነሣም።

ለጋብቻ የምንቆረቆር ከሆነ ደግሞ የአባቴን ቃል ልድገመው። የ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆነ ኢትዮጵያውያት ሴቶች እኩሌታው 17 ዓመት ከጥቂት ወር ሳይሞላቸው ያገቡ ናቸው፤ በአማራ ክልል ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ሕጉ 18 ዓመት ይላል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ሕፃን ያገባውን ይቀጣል። ልጅቷ ግን ከስድስተኛ ክፍል ወጥታ ስትዳር ፎቶግራፉን ለጥፎ «ያዙኝ ልቀቁኝ» የሚል ወጣት አላየሁም። ድግሱን በልተን፣ መርቀን፣ እንመለሳለን። ቤተሰብ በመተማ ቆላ ሲፈርስ ያየሁት በዚህ ነው፤ ለአጨዳ ወርዶ በወባ ወይም በጥይት በቀረ አባት ነው፤ ሱዳን ተሻግሮ ወሬው በጠፋ ባል ነው። በሲምስ ሲፈርስ አላየሁም።

ያ ኮምፒውተር ከተበላሸ ቆየ። አንዳንድ ጊዜ ወንድሞቼና እኅቶቼ ስንገናኝ ምድጃ ታቃጥል የነበረችውን ሴትዮ አንሥተን እንስቃለን። ናፍቆት ያጣፍጣልና ያን ዘመን ከነበረው በላይ አሳምሬው ሊሆን ይችላል፤ ሙቀቱም፣ ወባውም፣ ትንኙም ነበሩና። ከዚያ ሁሉ ግን ዛሬ ቢመለስልን የምወደው አንድ ነገር አለ። አንዲት እናት ደንግጣ «ይህ ምንድን ነው?» ብላ ልጇን በቤቷ የምትጠይቅበት፣ ልጇም ሳትፈራ የምትመልስበት ማታ። በቤት ውስጥ ያልተጠየቀ ጥያቄ መልሱን ከመንጋ ይቀበላልና።

ቸር እንሰንብት።