በሥራ መካከል ስለ ደከመው ክፍል

ጢስ ዓባይን በነሐሴ ወር ያየ ሰው ድምፁን ከሩቅ ሰምቶ፣ ጢሱንም በፊቱ ተቀብሎ እየተደነቀ ይመለሳል። በሚያዝያ የሄደ ግን ከገደሉ ላይ ጥቂት ውሃ ሲወርድ አይቶ፣ «ያ ሁሉ የተወራለት ይህ ነው ወይ?» ይላል። ወንዙ አንድ ነው፤ የታየበት ጊዜ ግን ልዩ ልዩ ነው። ብዙ ጊዜ የሚወስድ የሰው ሥራም ከዳር እስከ ዳር እኩል ሆኖ አይገኝም፤ የበረታበት ቦታ አለው፣ የደከመበትም ቦታ አለው። እንግዲህ ዛሬ ለወጣቶች ልነግራቸው የምፈልገው፣ ሰው ስለ ደከመው ክፍል ምን ማድረግ እንደሚገባው ነው።

ምሳሌዬን ከጃፓን አመጣለሁ። ፍኖተ ሰላም የሚኖረው የልጅ ልጄ ስለ ጠፈር ጦርነት የሚተርክ ተከታታይ የሥዕል ፊልም በስልኩ ያይ ነበርና፣ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ አብሬው አየሁ። ስሙ «ጋንዳም» ይባላል። ቶሚኖ ዮሺዩኪ የተባሉ አዘጋጅ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1979 የጀመሩት ነው። 52 ክፍል እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ዳሩ ግን ተመልካቹ ስላነሰና ወጪውን የሚችለው የአሻንጉሊት ነጋዴ ያሰበውን ያህል ስላልሸጠ፣ በ1980 መጀመሪያ ላይ በ43ኛው ክፍል እንዲያበቃ ተደረገ። ዝናውን ያገኘው ከዚያ ወዲያ በድጋሚ ሲታይ ነው።

ክፍሎቹ እኩል አይደሉም። አንዱ በጥንቃቄ ተሥሎ ዐይን ያጠግባል፤ ሌላው ፊቱ የተጣመመ፣ እግሩም ከአካሉ ጋር የማይመጣጠን ነው። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። በየሳምንቱ አንድ ክፍል ማቅረብ ግዴታ ነው፤ ለአንዱ ክፍል በእጅ የሚሣሉት ሥዕሎች በሺህ ይቆጠራሉ፤ ስለዚህ ሥራው ለልዩ ልዩ ቡድኖች ይከፋፈላል። የሰዎቹን መልክ የነደፉትና ሥዕሉን የሚያርሙት ያሱሂኮ ዮሺካዙም ሥራው ሳያልቅ ታመው ሆስፒታል ገቡ። የቡሬ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በደቦ የታጨደ ማሳ የእያንዳንዱ አጫጅ እጅ ይታይበታልና፤ አንዱ ከሥር አስጠግቶ ያጭዳል፣ ሌላው ዘለላ እየጣለ ያልፋል።

ከሁሉ የደከመ እየተባለ የሚነገርለት 15ኛው ክፍል ነው። በእርሱ ውስጥ ያለው ታላቅ የጦር ሮቦት ያለ ልክ ቀጥኖና ረዝሞ ተሥሏል። ታሪኩ ግን እንዲህ ነው። ዶዋን የሚባል ወታደር ጦሩን ትቶ በአንዲት ደሴት ላይ ወላጆቻቸውን ጦርነት የነጠቃቸውን ሕፃናት ያሳድጋል፤ አሳዳጆቹም አያስቀምጡትም። በመጨረሻ አሙሮ የተባለው ወጣት፣ የሚያስከትልህ በአንተ ላይ ያለው የጦርነት ሽታ ነው ብሎ፣ የዶዋንን ሮቦት አንሥቶ ባሕር ውስጥ ይጥልለታል። ጦርነት በደጃፉ ያለፈበት ሰው ይህን ሲያይ ዝም ይላል። እጅ ደከመ እንጂ ሐሳብ አልደከመም።

ለዚህ ክፍል ሁለት ዓይነት መድኃኒት ተደረገለት። የመጀመሪያው መሸሸግ ነው። ፊልሙ ለእንግሊዝኛ ተመልካች ሲዘጋጅ ቶሚኖ ይህ ክፍል እንዲቀር ጠየቁ፤ ቀረም። ሁለተኛው እንደገና መሥራት ነው። በ2022፣ ማለት ከ43 ዓመት በኋላ፣ ያሱሂኮ በ74 ዓመታቸው ያንኑ ታሪክ ወስደው ሙሉ ፊልም አድርገው ሠሩት። ካማሩት ክፍሎች አንዱን አልመረጡም፤ የደከመውን መረጡ።

ይህ ነገር የልጅ ልጄን ይነካው ነበር። በጥር 2015 ዓ.ም. በተነገረው የ12ኛ ክፍል ውጤት ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ እርሱም ካላለፉት ጋር ተቆጠረ። ከዚያ ወዲህ ስለ ፈተናው ሲጠየቅ ወሬ ይለውጥ ጀመር። የማካካሻ ትምህርት እንዲወስድ ጥሪ ሲደርሰውም «አልሄድም» አለ። አዲሱን ፊልም አይተን ስንጨርስ፣ «አባባ፣ ሽማግሌው ስንት ጥሩ ክፍል እያለ የተበላሸውን ለምን መረጡ?» ሲል ጠየቀኝ። «ጥሩውማ ከእርሳቸው ምን ይፈልጋል?» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም። ትምህርቱን ግን ሄዶ ጀመረ፤ ሒሳብ ዛሬም ይከብደዋል።

ወጣቶች ሆይ፣ የደከመውን ሁሉ መልሳችሁ ሥሩ አልላችሁም፤ ዕድሜ ለዚያ አይበቃም። ነገር ግን በደከመው ውስጥ ቁም ነገር ያለበት እንደ ሆነ ለይታችሁ ዕወቁ፤ እርሱን አትጣሉ። ብዙ ዓመት የተማሪ ደብተር ያረምሁ ሰው ነኝና የማውቀውን ልንገራችሁ። ተማሪ የተበላሸበትን ገጽ ከደብተሩ ሲቀድድ፣ በስፌቱ በወዲያ ወገን ያለው በመልካም የተጻፈው ቅጠልም አብሮ ይላቀቃል። የተበላሸውን ገጽ በቦታው ተዉት፤ በሚቀጥለውም ገጽ ላይ ያንኑ ጥያቄ ከቁጥሩ ጋር ጽፋችሁ እንደገና ሥሩት።