ቁርጡን ያላወቀ ሰው

ዘንዘልማ፣ ከግብርና ኮሌጁ በር ፊት ለፊት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ሲሞቀው የሚያኮርፍ አንድ ስካነር፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ በአራት ሚስማር የተወጠረ ነጭ አንሶላ። አንሶላው የአሜሪካው የቪዛ ሎተሪ፣ የዲቪ፣ ነው። መስከረም መጨረሻ ታጥቦ ይሰቀላል፣ ኅዳር ሲገባ ይወርዳል። ቀሪውን ዓመት ፎቶ የሚያስነሳኝ ለመታወቂያና ለፓስፖርት የመጣ ሰው ነው፤ ለእሱ ደግሞ የግድግዳው ቀለም ይበቃል።

ሥራዬ እንግዲህ ለሰው ፎርም መሙላት ነው። ተማሪው ጽሑፉን ያስጠርዛል፣ ገበሬው የመሬት ጉዳይ ማመልከቻ ያስጽፋል፣ ሌላው አገር ለመልቀቅ ይሞላል። ከእነዚህ ሁሉ የመጨረሻው ነው የሚያስቸግረኝ። ሥራው ከባድ ሆኖ አይደለም፤ ሰውየው ተመልሶ መጥቶ «ምን አሉ?» ሲለኝ የምመልሰው ስለማጣ ነው።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚች «ምን አሉ?» ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ጥቅምት 2017 ላይ አንዲት እናት ከጎንደር መጥተው እሱቄ ገቡ። የልጅ ልጃቸው እዚሁ ኮሌጅ ይማራል፤ ሊጠይቁት መምጣታቸው ነው። እሱ ዲቪ ሊሞላ ሲመጣ ተከትለውት ገቡና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አንሶላው ፊት አቆምኩት። ጥላው እንዳይወድቅበት አንድ እርምጃ ወደፊት፣ መነጽር አውልቅ፣ ጆሮህ ይታይ፣ አትሳቅ። ፎቶው 600 በ600 ፒክሰል ሆኖ ተቆረጠ። ከዚያ እንደተለመደው «የቤተሰብ ስም» የምትለዋ ሣጥን ላይ ደረስን። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው ያለን። አያቱን እንጽፋለን። የሆነ ቀን እዚያ ማዶ አያቱ መጠሪያው ይሆናሉ ማለት ነው።

ልጁ ሲጨርስ እናትየዋ ከነጠላቸው ሥር ፌስታል አወጡ። «ወንድምዓለም፣ ይቺንም በዚያው አንሳልኝ፤ እየተበጣጠሰች ነው» አሉኝ። ወረቀቷ ከመታጠፍ ብዛት አራት ቦታ ተሰንጥቃ በፕላስተር ተያይዛለች። ለእስራኤል ጉዳይ የተመዘገቡባት ናት። ያን ሊጠብቁ ጎንደር ከገቡ ስንት ዓመታቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ዓመት አልቆጠሩልኝም። በአገጫቸው ወደ ልጁ ጠቆም አደረጉና «ይኼ ጡት አልጣለም ነበር» አሉ።

የጎንደር ሰው ታሪኩን ያውቀዋል፤ እኛ ግን አውቶቡሳቸው በደጃችን እያለፈ ብዙም አናውቀውም። ለማያውቅ ባጭሩ ልንገረው። እስራኤል የእኛ አገር አይሁዶች፣ ቤተ እስራኤሎች፣ በመመለስ ሕጓ መሠረት እንዲገቡ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ግንቦት 16 ቀን 1983 ላይ ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአውሮፕላን ወሰደች፤ በአንዱ አውሮፕላን ብቻ ከ1,000 በላይ ሰው ወንበር ተነቅሎለት ሄዷል። (ያው ቀን ሻዕቢያ አስመራ የገባበት ቀን ነው። አንዳንድ ቀን ስንት አገር እንደሚሸከም!) ቀድሞ አያቶቻቸው ወደ ክርስትና የገቡት፣ «ፈላሽ ሙራ» የተባሉት፣ ራሳቸው ግን ስሙን የማይወዱት ወገኖች ያን ጊዜ ቀሩ። የመመለስ ሕጉ እነሱን አያቅፍም። ስለዚህ ጉዳያቸው በሌላ ሕግ፣ ቤተሰብን በማገናኘት ስም፣ በመንግሥት ውሳኔ ብቻ የሚታይ ሆነ። ሕግ ሲሆን ትሟገትበታለህ፤ ውሳኔ ሲሆን ትጠብቀዋለህ።

የጠበቁትን ደግሞ እዩልኝ። ነሐሴ 2005 ላይ «የመጨረሻው በረራ» ተባለና ጉዳዩ ተዘጋ። ጎንደር የቀረው ሰው ግን አልተዘጋም፤ እዚያው አለ። ኅዳር 2008 ላይ የእስራኤል ካቢኔ በአንድ ድምፅ ወደ 9,000 ሰው በአምስት ዓመት እንዲገባ ወሰነ። እልል ተባለ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ በጀት የለም ተባለ። የመጀመሪያዎቹ 63 ሰዎች የተሳፈሩት በመስከረም 2009 መጨረሻ ነው። በ2013 ሁለት ሺህ፣ በ2014 ሦስት ሺህ ሰው ይግባ የሚሉ ውሳኔዎች ተከተሉ። በየዙሩ ከአንድ ቤት ወላጅ ይጠራል ልጅ ይቀራል፤ ልጅ ይጠራል፣ አግብቶ የወጣው ወንድሙ ይቀራል። ነሐሴ 2015 ላይ ክልላችን ሲታመስ እስራኤል ከጎንደርና ከባሕር ዳር ከ200 በላይ ሰው በአውሮፕላን አወጣች፤ ዜጎቿንና የመግባት መብት ያላቸውን። ጠባቂዎቹ ባሉበት ጠበቁ።

«እምቢ ቢሉኝኮ» አሉኝ እናትየዋ ስካነሩ እስኪሞቅ፣ «አገሬ ገብቼ አርስ ነበር። መሬቴን ለወንድሜ ትቼ ነው የመጣሁ። አሁን እሱም ሞቷል። ቁርጤን የሚነግረኝ አጣሁ።»

ቁርጥ። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ፎርም ስሞላ ያልመጣልኝ ቃል ይኸው ነበር።

ሰዉ ዲቪን ሎተሪ ነው ብሎ ይንቀዋል፤ እውነቱን ነው፣ ሎተሪ ነው። በዓመት እስከ 55 ሺህ ቪዛ፣ ከመላው ዓለም በሚሊዮን የሚቆጠር አመልካች፤ ማንነትህን፣ ችግርህን፣ የእናትህን ሕመም አይጠይቅም። ግን አንድ ነገር አለው። በጥቅምት ትሞላለህ፣ የማረጋገጫ ቁጥር ይሰጥሃል፣ በሚያዝያ መጨረሻ ቁጥሯን አስገብተህ «አልተመረጡም» የሚለውን በአንድ ደቂቃ ታነባለህ። ሄደህ ሻይህን ትጠጣለህ። ማሽኑ አያውቅህም፤ ግን መልስ አይነፍግህም። የእስራኤሉ ደግሞ ሰባት ቤት አያትህን ጠይቆ፣ የዘር ሐረግህን በወረቀት አስሎ፣ በስምህ እያወቀህ ዝም ይልሃል። ከሁለቱ የቱ ነው ሰው ያከበረ? እኔ መልሴን ካወቅኩ ቆይቻለሁ፤ ሎተሪውን እመርጣለሁ። (ዲቪም ቢሆን በ2018 ጥቅምት እንደ ልማዱ ሳይከፈት አለፈ። አንሶላው ታጥቦ ተሰቅሎ ነበር። እንግዲህ እሱም ዝምታውን ከተማረ ጉድ ነው።)

ስለ ሌላ አገር ብቻ አውርቼ አልለፍ፤ የራሳችንም መስኮት አለ።

የፓስፖርቱን ተመን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ2016 መጨረሻ መደበኛው 5,000 ብር ሆነ፣ በአምስት ቀን ሲሆን 20,000፣ በሁለት ቀን 25,000። ዋጋው ተወደደ ብላችሁ ተናግራችኋል፤ እኔ የማየው ሌላ ነው። በሁለት ቀን ማድረስ ይቻላል ማለት ነው! ቀሪው ጊዜ የሥራው ጊዜ አይደለም፣ የብሩ ልዩነት ነው። መጠበቅ እንደ ዝናብ ከሰማይ የሚወርድ ይመስለን ነበር፤ ተመኑ ሲለጠፍ ግን ሰው የሚቆርጠው ነገር እንደሆነ አየነው። አንዱን ደንበኛዬን ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት «ሲስተም የለም» እያሉ ሦስት ጊዜ ከመንገድ መልሰውታል። በሦስተኛው ቀን ኮሪደር ላይ አንድ ደላላ «ሲስተሙ በእኔ በኩል አለ» አለው። ስቆ ነው የነገረኝ፤ እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

ዜግነት መጠየቅስ? ይሄ ለእኛ ሰው እንግዳ ወሬ ነው፤ እኛ ዜግነት የምንተው እንጂ የምንለምነው አይመስለንም። ግን ሕጉ አለ። የመጀመሪያው በ1922 የወጣው የዜግነት ሕግ የውጭ ሰው ኢትዮጵያዊ ለመሆን አምስት ዓመት አገሪቱ ላይ መኖር፣ አማርኛም በደንብ መናገርና መጻፍ አለበት ይል ነበር። ሳነበው አያቴ ትዝ አለችኝ። እዚሁ ጣና ዳር ተወልዳ፣ እዚሁ አርጅታ፣ እዚሁ የተቀበረች ናት፤ ስሟን መጻፍ አታውቅም ነበር፣ በአውራ ጣቷ ነው የምትፈርመው። በዚያ ሕግ አመልካች ብትሆን ኖሮ ትወድቅ ነበር። የ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 378 ይሻላል፤ አራት ዓመት መኖር፣ ከአገሪቱ ብሔረሰቦች ቋንቋ በአንዱ መግባባት፣ ሕጋዊ ገቢ፣ ከወንጀል ነጻ መሆን፣ ከዚያ ቃለ መሐላ። አያቴ ቋንቋውን ታልፍ ነበር። ሕጋዊ ገቢው ላይ ግን ጠላ ትሸጥ ስለነበር እንጃ!

ዜግነትን በወረቀት መወሰን ምን ያህል እንደሚያስፈራ ለማወቅ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያሻም። በ1985 የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ አዲስ አበባም ሌላ ከተማም የሚኖሩ የኤርትራ ተወላጆች ተመዝግበው ድምፅ ሰጡ። ጎረቤት ነበሩ፣ ነጋዴ፣ አስተማሪ፣ ሹፌር። በ1990 ጦርነቱ ሲነሳ ያች የምዝገባ ወረቀት የሌላ አገር ዜጋ ለመሆናቸው ማስረጃ ሆነች፤ ከ70 ሺህ በላይ ሰው ተባረረ ይባላል። የቀሩት ሁኔታ በመመሪያ መልክ የያዘው በ1996 ነው፤ በመሀል ያለው ስድስት ዓመት ለእነሱ ምን እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል። ፎርም ስሞላ ሰው «ዝም ብለህ ሙላው፣ ምን ያመጣል» ሲለኝ እጄን የሚይዘኝ ይህ ነው።

አሁን ደግሞ በደጃችን የሚያልፈው ሌላ ነው። ይሄ መንገድ ከባሕር ዳር ዓባይን ተሻግሮ በዘንዘልማ፣ በሐሙሲት፣ በወረታ፣ በአዲስ ዘመን ጎንደር ይገባል፤ ከጎንደር መተማ። ሚያዝያ 2015 ላይ ካርቱም ሲቃጠል ሱዳኖች በመተማ መግባት ጀመሩ። ድሮ የእኛ ሰው በዚያው በር ወደ እነሱ ነበር የሚሰደደው። ቤተ እስራኤሎች በ1970ዎቹ የሰፈሩበት ኡም ራኩባ የተባለው የሱዳን መጠለያ በ2013 እንደገና ተከፍቶ የትግራይን ስደተኛ አስጠልሏል። መንገዱ ያው ነው፣ አቅጣጫው ይቀያየራል።

ለገቡት ኩመርና አውላላ የሚባሉ መጠለያዎች ተከፈቱ። ከወረቀት አንጻር አገራችን አታሳፍርም፤ የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1110 ስደተኛ ሠርቶ እንዲያድር፣ እንዲንቀሳቀስ፣ መታወቂያ እንዲይዝ ይፈቅዳል። የስደተኛ ልጅ የልደት ምዝገባም ከ2010 ጀምሮ አለ። ሚያዝያ 2016 ላይ ግን ከ1,000 በላይ ሰው መጠለያዎቹን ጥሎ ወጣ። ሌሊት ሽፍታ እየገባ ይዘርፍ፣ ይገድል ነበር፤ መድኃኒት አልነበረም። በእግር ጎንደር ሄደው አቤት ሊሉ ነበር። ፖሊስ መንገድ ላይ አስቆማቸው፣ እነሱም መንገድ ዳር ጫካ ውስጥ በላስቲክ ሥር ለወራት ተቀመጡ። ክረምቱ እዚያው ጣለባቸው።

ከእነሱ ይሁን ከሌላ አላውቅም፣ ባለፈው ዓመት አንድ ሱዳናዊ ወጣት ወረቀት ኮፒ ሊያስደርግ ገብቶ ነበር። ካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነበርኩ አለኝ። አንድ ፎርም ነበረው፣ ላግዝህ አልኩት። «የቤተሰብ ስም» ጋ ስንደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠና የራሱን፣ የአባቱን፣ የአያቱን ስም በጣቱ ቆጠረልኝ። «አውቃለሁ፣ እኛም እንደዚሁ ነን» አልኩት። አያቱን ጻፍንለት።

ስደተኛ ሲነሳ ንጉሡን ነጃሺን ማንሳት ልማዳችን ነው፤ እኔም አነሳለሁ፣ ግን ለእንግዳ ተቀባይነቱ አይደለም። ታሪኩ እንደሚነገረው ከመካ የሸሹት ሰዎች እዚህ ሲገቡ ቁረይሾች ስጦታ አስይዘው መልእክተኛ ልከዋል፣ መልሱልን ብለው። ንጉሡ ሁለቱንም ወገን አስቀረበ፣ ስደተኞቹን በራሳቸው አፍ አስናገረ፣ መልእክተኞቹን ስጦታቸውን ይዘው እንዲመለሱ አደረገ። አለቀ። «ኮሚቴ ይየው» የለ፣ «በሌላ ጊዜ ተመለሱ» የለ። ከ1,400 ዓመት በፊት! ዛሬ ግን በኤርትራውያን ላይ እንኳ ተመልከቱ፤ እስከ ጥር 2012 ድረስ ድንበር የተሻገረ ሁሉ በጅምላ ስደተኛ ተብሎ ይመዘገብ ነበር፣ ከዚያ «በተናጠል ይታያል» ተባለ። ተናጠሉ መልካም ነው፤ የሚያይ ሰው ካለ።

ይህን ስል የቢሮ ሰዎችን ሁሉ እያማሁ አይደለም። ከመስኮቱ ማዶ የተቀመጠችውም ልጅ ቁርጡን አታውቀው ይሆናል፤ የምትለጥፈው እንጂ የምትወስነው የላትም። ከእሷ በላይ ያለውም ከበላዩ ይጠብቃል። «እምቢ» ለማለት ፊርማ ያስፈልጋል፤ ፊርማ ያለበት ወረቀት ደግሞ ይግባኝ ይባልበታል። ዝም ማለት ፊርማ አያስፈልገውም። ለዚህ ይመስለኛል ዝምታ የሚበዛው።

ሚያዝያ መጨረሻ 2017 የዲቪው ውጤት ወጣ። ልጁ ከክፍል ወጥቶ መጣ፣ ቁጥሩን አስገባሁ፤ አልተመረጠም። እናትየዋ ስልክ ላይ ነበሩ፣ ጎንደር ሆነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ነገራቸው።

«በጀ፣ እንኳን ቁርጡን ነገሩህ» አሉት። ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ፣ «ያ ልጅ አለ? የኔዋን ወረቀት በኮምፒውተሩ አኑሯት እንደሁ ጠይቅልኝ። ያቺ ዋናዋ ተቀደደች።»

ፈልጌ አገኘኋት። በሁለት ኮፒ አትሜ፣ ዝናብ እንዳያገኛት ላሚኔት አድርጌ ለልጁ ሰጠሁት።