ራሱ የተቀነጠሰ አበባ

በሆላንድ አገር በላይደን ከተማ ይማር የነበረ አንድ ዲያቆን በፈተና ወድቆ እጅግ አዘነ። «ትምህርቱን ትቼ እመለሳለሁ» ብሎ ለየኔታ የጻፈውን ደብዳቤ በኪሱ እንደ ያዘ፣ በሚያዝያ ወር ባልንጀሮቹ ሊሴ በምትባል ከተማ ወደሚገኘው ወደ ኪውከንሆፍ የአበባ ስፍራ ወሰዱት። ይህ ስፍራ በ1950 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለሕዝብ የተከፈተ ሲሆን፣ በየዓመቱ በጥቅምትና በኅዳር 7 ሚሊዮን ያህል ሽንኩርት የሚመስሉ የአበባ ሥሮች በእጅ ይተከሉበታል። ቱሊፑ ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭ ሆኖ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ ቢያይም ኀዘኑ አልቀለለለትም።

ከአጥሩ ውጭ ባለው እርሻ ግን ገበሬዎች የፈካውን አበባ ራስ ራሱን ሲቀነጥሱ አየና ደንግጦ፣ «ስለ ምን ታጠፉታላችሁ?» ሲል ጠየቀ። ከእነርሱም አንዱ፣ «እኛ የምንሸጠው ሥሩን ነው፤ አበባው ሲቆረጥ ኃይሉ ሁሉ ወደ ሥሩ ይወርዳል» አለው።

ዲያቆኑ ዝም ብሎ ቆመ። በአገሩ ሳለ በቅኔው የተመሰገነ ነበርና፣ የተቆረጠበት ምስጋናው እንጂ ሥሩ እንዳልሆነ አስተዋለ። ማታ ወደ ማደሪያው በተመለሰ ጊዜ ደብዳቤውን ቀደደ፤ ለየኔታም «ወድቄአለሁ፤ ነገር ግን እንደ ገና እማራለሁ፤ በጸሎትዎ ያስቡኝ» ብሎ ጻፈ።