«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን»

እናቴ መርሳት ስትጀምር እኔ መዋሸት ጀመርኩ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ «እናትህስ እንዴት ናቸው?» ሲሉኝ «ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ደህና አልነበረችም። ስኒዎቹን ፍሪጅ ውስጥ ትደረድራለች፤ እኩለ ሌሊት ላይ ነጠላዋን አጣፍታ «ቅዳሴ ረፈደብኝ» እያለች ከበሩ ጋር ትታገላለች። አንድ ቀን ቡና እየቆላች ምጣዱን እሳት ላይ ረሳችው። የጭስ ደወሉ ሕንፃውን ሲያናውጠው «ስንት ጊዜ ልንገርሽ!» ብዬ ጮኽኩባት። የምትረሳ ሴት ስንት ጊዜ እንደተነገራት እንድታስታውስ ነበር እንግዲህ የፈለግኩት።

ይባስ ብዬ ፈታኝ ሆንኩ። ማታ ማታ «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው? ፕሬዚዳንቱ ማነው?» እያልኩ አፋጥጣታለሁ፣ ለዜግነት ፈተና የማዘጋጃት ይመስል። ስለ አባቴ ስትጠይቀኝ ደግሞ «ሞቷል እኮ እማዬ!» እላታለሁ። ለእኔ ያረጀ ወሬ ነው፤ ለእሷ በየቀኑ አዲስ መርዶ። ታለቅሳለች። እኔ እውነቱን በመናገሬ ልቤ ሙሉ ነበር።

ለምን ደበቅክ ብትሉኝ «ጃጀች» እንዳይሏት ነው እላለሁ። የእውነት የፈራሁት ግን «እናቱን መጦር አቃተው» መባልን ነው።

ሐኪሟ ስልክ ቁጥሮች የተጻፉበት ወረቀት ሰጥቶኝ ነበር። መኪናዬ ውስጥ፣ ከቅጣት ወረቀቶች ጋር፣ ስምንት ወር ተቀመጠ። አንድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እማዬን ለአራተኛ ጊዜ ከበሩ መልሼ፣ የአልዛይመርስ ማኅበሩን ስልክ ደወልኩ፤ ሃያ አራት ሰዓት ይሠራል። አማርኛ አስተርጓሚ አገናኙኝ። የማኅበሩ አማካሪ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ እናቴ አልነበረም፤ «አንተስ ትተኛለህ?» ነው ያለችው። መልስ አጣሁ። አባትህን ስትጠይቅህ ሞቱን አትንገራት፣ «እስቲ ስለ እሱ አጫውቺኝ» በላት አለችኝ። ዛሬም ሲደክመኝ አፌ ያመልጠኛል።

ወደ አካባቢያችን የአረጋውያን ጉዳይ ቢሮም መራችኝ። ለካስ አሜሪካ ለአረጋውያን አገልግሎት ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ በ1973 ደግሞ በየአካባቢው አስተባባሪ ቢሮ እንዲኖር ተደርጓል። እኔ ከመወለዴ በፊት! ቀን መዋያው፣ አስታማሚ የሚያርፍበት ሰዓት፣ ነፃ ሥልጠናው፣ ሁሉም የሚጠየቀው እዚያ ነው። ወደ ሥራ ስሄድ በደጃፉ አልፍ ነበር።

ሥልጠናው የሚሰጥበት አዳራሽ የገባሁት ኮፍያዬን ዓይኔ ድረስ አውርጄ ነው። የኋላ ወንበር ላይ ግን ከእድራችን አንድ እትዬ ተቀምጠዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እሑድ እሑድ፣ «ጋሼስ ደህና ናቸው?» እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም «ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉኛል።

ተያየን። ቦርሳቸውን ከአጠገባቸው ወንበር ላይ አነሱልኝ።