ሙቅ ውሃ እስኪመጣ

«የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ቧንቧ ምን አገባት?» እንዳትሉኝ አደራ። መምህራኖቻችን «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት ብላችሁ ጠይቁ» ይሉን የለ? እኔም ጠየቅሁ። የጠየቅሁት ግን ባለሥልጣን ሳይሆን የቧንቧ ሠራተኛ ነው።

አክስቴ እዚሁ ዲላ አዲስ ቤት እያሠራች ነው። የዓመታት የቡና ብር ነው የገባበት። ቤቱ ሲያልቅ አያቴ ከቡሌ ወርዳ ከእሷ ጋር ትኖራለች። ቡሌን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ደጋ ነው። አያቴ ጉልበቷን ቁርጥማት ይዟታል፤ ሙቅ ውሃ ያሻላታል። «ዲላ ሞቃት አይደለች እንዴ?» የሚል ካለ፣ ዝናብ ባደረበት ማለዳ ሮቶ ውስጥ የቆየ ውሃ በራሱ ላይ ያፍስስና ይንገረኝ።

ስለ አያቴ አንድ ነገር ላንሳ፤ የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ እሱ ነውና። አያቴ ውሃ ሲፈስ ማየት አይሆንላትም። ከልጅነቷ ጀምሮ ከምንጭ በእንስራ በጀርባዋ ስትቀዳ የኖረች ሴት ናት። አንድ ጊዜ ዘመድ ቤት ስታድር «እማማ፣ ሙቁ እስኪመጣ ክፈቺውና ትንሽ ቆይ» አልናት። ደህናው ውሃ በከንቱ ሲሄድ ቆማ ከምታይ በቀዝቃዛው ታጥባ ወጣች። ያን ሰሞን ጉልበቷን ስታሽ ነው የሰነበተችው።

በማግስቱ እዚያው መታጠቢያ ቤት ጆግና ሞባይሌን ይዤ ገባሁ። ቦይለሩ በቤቱ አንድ ጫፍ፣ ሻወሩ በሌላው ጫፍ ነው፤ መሀላቸው 18 ሜትር ያህል ቧንቧ አለ። ሙቁ እስኪደርስ 1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ፈጀ፤ በጆግ የሰፈርኩት ቀዝቃዛ ውሃ 6 ሊትር ሊሞላ ጥቂት ቀረው። በስሌትም ያስኬዳል። ባለ 25 ሚሊ ሜትር ወፍራሙ የፒፒአር ቧንቧ የውስጥ ስፋቱ 16.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 18 ሜትሩ ወደ 4 ሊትር ይይዛል። የቀረው ቧንቧው ራሱ እስኪሞቅ የሚሄድ ነው። እንግዲህ በቀን አራት ጊዜ ቢከፈት ከአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በላይ ፈሰሰ ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ ለሚጠብቅ ቤት ይህ ቀልድ አይደለም።

አሜሪካ ያለው አጎቴ ይህን ሲሰማ በስልክ መፍትሔ አመጣ። ከሻወሩ ጫፍ ወደ ቦይለሩ የሚመለስ ሁለተኛ ቧንቧ ይዘርጋ፣ ትንሽ ፓምፕ ይገጠም፣ ሙቁ ውሃ ሌት ተቀን ይዙር፤ በከፈቱት ሰዓት ሙቅ ነው። ትልልቅ ሆቴሎችም የሚሠሩት እንዲሁ ነው። አክስቴ ደስ አላት። የቧንቧ ሠራተኛው ግን ዝም አሉ።

«ጋሼ፣ ምነው ዝም አሉ?»

«ውሃ የጠፋ ቀን ፓምፑን ማን ያጠጣዋል?» አሉኝ።

ለካ እንዲህ ያለው ፓምፕ የሚቀዘቅዘውም የሚለሰልሰውም በውስጡ በሚያልፈው ውሃ ነው። ሮቶው ባዶ ሆኖ መስመሩ አየር ከያዘ ደርቆ ይሽከረከርና ይቃጠላል። አጎቴ ባለበት አገር ይህን ማሰብ አያስፈልግ ይሆናል።

መብራቱስ? ፓምፑ ብዙ አይበላም፤ የሚበላው ቧንቧው ነው። 55 ዲግሪ ውሃ የሚዞርበት ያልተሸፈነ ቧንቧ በየሜትሩ 15 ዋት ያህል ሙቀት ያጣል ብለን ብንነሳ፣ መሄጃና መመለሻው 36 ሜትር ነውና 540 ዋት ይሆናል። በ24 ሰዓት ወደ 13 ኪሎ ዋት ሰዓት! ያውም ማንም ሳይታጠብ። ቧንቧው ስፖንጅ ቢለብስ ከግማሽ በላይ ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም። «እንግዲያው ሙቀቱን ዝቅ አድርጉት» አለ አጎቴ። እሱም ጣጣ አለው። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሌጂዮኔላ የሚባል ሳምባ የሚያጠቃ ባክቴሪያ ይራባል፤ ስሙን ያገኘው በ1976 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ ሆቴል ውስጥ በተሰበሰቡ የቀድሞ ወታደሮች ላይ ከደረሰው ወረርሽኝ ነው። ለዚህም ነው ቦይለሩ 60 ዲግሪ፣ ተመላሹ ውሃም ከ50 የማያንስ ይሁን የሚባለው።

ያለ ፓምፕስ አይሆንም ወይ ብዬም ነበር። ሙቅ ውሃ ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቦይለሩ ምድር ቤት፣ መታጠቢያው ፎቅ ላይ ቢሆን በራሱ ሊዞር ይችላል። የአክስቴ ቤት ግን ፎቅ የለውም፤ ቦይለሩም ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ነው የሚሰቀለው። ፍልውሃ ላይ እኮ የምታሞቀውም የምትገፋውም መሬት ራሷ ናት፤ እቴጌ ጣይቱም በ1879 ዓ.ም. አጠገቡ ቤት ማሠራታቸው ያለ ነገር አይደለም። እኛ ቆጣሪ አለብን።

የቧንቧ ሠራተኛው ከሰል አንስተው ብሎኬቱ ላይ ሣሉልን። የወለሉ ኮንክሪት ገና አልፈሰሰም ነበር። በፕላኑ ላይ ኩሽናው በአንድ ጫፍ፣ መታጠቢያው ከአክስቴ መኝታ ቤት ጋር በሌላው ጫፍ ነው። እሳቸው መታጠቢያውን አምጥተው ከኩሽናው ጋር ጀርባ ለጀርባ አደረጉት፤ ቦይለሩን እዚያው የጋራ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ከቦይለር እስከ ሻወር 3 ሜትር! በቀጭኑ ባለ 20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ከተሠራ ውስጡ የሚቀረው ሁለት ብርጭቆ ያህል ውሃ ነው። አያቴ በሁለት ብርጭቆ አትጣላም።

አጎቴ ግን ተቆጣ። ለቤቱ ብር ልኳል፤ «የመኝታ ቤት መታጠቢያ የሌለው ዘመናዊ ቤት የት አለ?» አለ። እውነቱን ለመናገር አክስቴም ያንን መታጠቢያ ስትመኘው ነው የኖረችው። ስልኩን ይዛ ትንሽ ዝም አለችና፣ «እናታችንን የማጥባት እኔ ነኝ» አለችው። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አልተነሳም።

ሆኖም አጎቴ ሙሉ በሙሉ አልተረታም። ዳር ላይ ያለው የእንግዳ ክፍል፣ እሱ ሲመጣ የሚያርፍበት፣ ከቦይለሩ 14 ሜትር ይርቃል። ለዚያ ብቻ መላሽ ቧንቧ ስፖንጅ ለብሶ ከወለሉ ሥር ተቀበረ። ፓምፑ ሲገዛ በቁልፍ የሚነሳ ይሆናል፤ ከመታጠብ በፊት ሲጫኑት ቀዝቃዛውን ወደ ቦይለሩ ይመልሳል፣ ሙቁ ሲደርስ ይቆማል። ውሃው ወደ ኋላ እንዳይሄድ ቼክ ቫልቭ፣ ሮቶው ሲጎድል ፓምፑን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያም እንደሚያስፈልገው የቧንቧ ሠራተኛው አስጽፈውኛል።

ኮንክሪቱ በቅዳሜው ፈሰሰ። ፓምፑ ገና አልተገዛም። የመላሹ ቧንቧ ጫፍ በቡሽ ተደፍኖ ከኩሽናው ግድግዳ አንድ ስንዝር ወጥቶ ይታያል፤ አክስቴ ከወዲሁ ፎጣዋን ሰቅላበታለች።