ሚጡዬ፣ በሩን ስለዘጋችበት አታልቅሺ

ለምወድሽ ሚጡዬ፣

   እናትሽ ጉልበቷ ተሽሏት ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ መውጣት ጀምራለች።

የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ስሰማ መጀመሪያ ሰው የሞተ መስሎኝ ክው ብዬ ነበር። ኋላ ነው ‹‹በሩን ዘጋችበት እኮ እቴቴ፣ በቃ አለቀ!›› ስትዪ ነገሩ የስታር ዋርስ መሆኑ የገባኝ። ሳቅሁ፤ ከሳቅሁ በኋላ ግን አዘንኩልሽ፤ እኔም እዚያ ቦታ ላይ ሆዴ ባር ባር ብሎኝ ነበርና። ባለቤቴ መሀል ላይ እንቅልፍ ወስዶት ስለነበር የሚያጽናናኝ እንኳን አልነበረም።

አንቺ ሬይና ካይሎ ሬን ከእንግዲህ አይገናኙም፣ ሦስተኛውንም ፊልም አላይም ብለሻል። እኔ ደግሞ ፍቅሩ የተረፈው እዚያው አለቀ ባልሽበት ቦታ ነው ባይ ነኝ። ሦስተኛውን ስላየሁት አይደለም፤ ስለ እሱ ትንፍሽ አልልም። የምጠቅስልሽ አንቺ ካየሻቸው ከሁለቱና እኔ በልጅነቴ በቪዲዮ ካሴት ካየኋቸው ከድሮዎቹ ብቻ ነው።

በቅድሚያ የካይሎን ኃጢአት እንቁጠር፤ አንቺ ሰው ስትወጂ ቶሎ ትረሺያለሽ። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው በመጀመሪያው ፊልም ገና ብቅ ሲል አንድ ሽማግሌ በሰይፉ ቆርጦ ጣለ፤ የመንደሩን ሰዎች ግደሉ ብሎ አዘዘ። ሬይን አፍኖ ወሰዳት፤ አስሮ በሐሳቧ ውስጥ ሊበረብር ሞከረ። ወላጅ አባቱን ሃን ሶሎን ድልድይ ላይ ገደለው፤ ያውም ልጄን ወደ ቤቱ ልመልስ ብሎ የሄደን አባት። ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው ከአክተሯ ጋር ፍቅር ይይዘዋል ሲባል ብዙ ሰው ፊቱን ቢያዞር አልፈርድበትም።

እንዲህ ያለ ፍቅር የሚሞተው ግን ክፉው ሰው ክፉ በመሆኑ አይመስለኝም። የሚሞተው ታሪኩ ክፋቱን ምንጣፍ ስር ጠርጎ ሲደብቀው ነው። ልጅቷ አንድ ጊዜ የሚያምሩ ዓይኖቹን ታይና የሞቱት ሰዎች ሁሉ ይረሳሉ፤ ተመልካቹም የተታለለ ያህል ይሰማዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውን ‹‹ዘ ላስት ጄዳይ››ን የጻፈውና ያዘጋጀው ራያን ጆንሰን ይህን አላደረገም። ሁለቱ በከዋክብት ርቀት ተለያይተው ሳሉ ፎርስ በሚሉት ምሥጢራዊ ኃይል አማካይነት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲተያዩ ሬይ ያደረገችውን አስታውሺ። ሽጉጥ አንስታ ተኮሰችበት! የገዛ ጎጆዋን ግድግዳ በሳችው እንጂ። ኋላም ጭራቅ መሆኑን በፊቱ ትነግረዋለች፤ እሱም አይክድም። አባቱን ለምን እንደገደለ እያለቀሰች ትጠይቀዋለች። ደሙ ከመሀላቸው አልተጠረገም፤ እንዲያውም የሚነጋገሩት ስለ እሱ ነው።

አንድ ነገር በደንብ አይተሽው እንደሆነ እንጃ። እሷ ከደሴቲቱ ዝናብ እየወረደባት፣ እሱ ከመርከቡ ደረቅ ክፍል ሆኖ ሲነጋገሩ ቆይተው ግንኙነቱ ይቋረጣል። ያኔ ካይሎ ጓንቱን ያያል፤ ውሃ ጠብ ጠብ ብሎበታል። የእሷ ዝናብ ነው። አንድም ቃል የለም፣ ሙዚቃውም አይጮህም፤ ግን ከዚያች ቅጽበት በኋላ በመሀላቸው ያለው ነገር ሕልም ነው፣ ማታለያ ነው ማለት አይቻልም። እኔ ብሆን ለፊልሙ ሽልማት የምሰጠው ለዚያች ለረጠበች ጓንት ነበር።

ደግሞ በዚያ ፊልም ውስጥ እውነቱን ማን እንደሚነግራት ተመልከቺ። ካይሎ የተማረበት ቤተ መቅደስ የተቃጠለበት ሌሊት ታሪክ ሦስት ጊዜ ይነገራል። መጀመሪያ መምህሯና የካይሎ አጎት ሉክ ይነግራታል፤ ዋናውን ነገር ግን ደብቆ። ቀጥሎ ካይሎ፣ አጎቱ ሰይፍ መዝዞ ራስጌው ቆሞ ያገኘው ጊዜ ያየውን ይነግራታል። በመጨረሻ ሬይ ሉክን ታግላ ስታስጨንቀው ሙሉውን ያወጣዋል፤ ለአንዲት ቅጽበት የእህቱን ልጅ ሊገድለው አስቦ፣ ወዲያው አፍሮ እንደነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉ የለ? መምህሩ የደበቀውን ጠላቷ ነው የነገራት። ልቧ ወደ እሱ ያዘነበለው በመልኩ ነው የሚሉትን አትስሚያቸው፤ እሳት ዳር እጅ ለእጅ የተነካኩት ሁሉም ሰው የዋሻት ብቸኛ ልጅና ሁሉም ሰው የፈራው ብቸኛ ልጅ ናቸው።

ጥፋቱም የሚጀምረው ከዚያው መነካካት ነው። ሲነካኩ ሁለቱም ወደፊት የሚሆነውን አዩ። እሷ እሱ ወደ እሷ ሲመጣ አየች፤ እሱም እሷ ወደ እሱ ስትመጣ አየ። ሊፍቱ ውስጥ ቆመው ያዩትን ሲነጋገሩ ሁለቱም እርግጠኞች ናቸው፤ ሁለቱም የሚጠብቁት ሌላኛው ድንበሩን እስኪሻገር ነው። ሊዘምቱ የወጡ እንጂ ሊገናኙ የሄዱ አይደሉም። ይህ በቤታችንም በጎረቤቶቻችንም የሞላ ነገር ነው፤ ስም አልጠራም፣ አንቺ ታውቂያቸዋለሽ።

እንግዲህ ወደ ዙፋኑ ክፍል እንግባ። የካይሎ ጌታ ስኖክ ሬይን ያሠቃያታል፤ ግደላት ብሎም ካይሎን ያዘዋል። ካይሎ ግን ጌታው አጠገብ የተቀመጠውን የሬይን ሰይፍ በጣቱ ምልክት አዙሮ ስኖክን ለሁለት ይቆርጠዋል። ጀርባ ለጀርባ ሆነው ቀይ የለበሱትን ጠባቂዎች ሲዋጉ እንደ አንቺ እኔም ከሶፋው ላይ ተነሥቼ ነበር። ከውጊያው በኋላ እሷ የለመነችው አንድ ነገር ነው፤ በዚያችው ሰዓት ጓደኞቿን የጫኑት መርከቦች አንድ በአንድ እየተመቱ ስለሆነ ተኩሱን አስቁም። እሱ ደግሞ ስለ ዙፋን ያወራል። አሮጌው ሁሉ ይሙት፣ አብረን እንግዛ ነው የሚላት። ወላጆቿ ማንም እንዳልነበሩ፣ ለመጠጥ ገንዘብ ብለው እንደሸጧት ያስታውሳታል፤ እሷም ከየትም ያልመጣች መሆኗን ነግሮ፣ ለእሱ ግን እንደዚያ እንዳልሆነች ጨምሮ፣ እጁን ዘርግቶ ይለምናታል።

አንቺ እዚህ ላይ ‹‹ለምን አልያዘችውም?›› ትያለሽ። ብትይዘው ኖሮስ? ከመስኮቱ ውጭ ሰዎች እየተቃጠሉ እጁን ብትይዘው የሚሞተው የመጀመሪያው ነገር እሱ የወደደው ነገሯ ነው። እሱ የሚያውቃት የማትዋሸው፣ ጭራቅ ሲሆን ጭራቅ የምትለው ሴት አድርጎ ነው። ዙፋኑ አጠገብ አድርጎ ቢያስቀምጣት ሌላ አሽከር አገኘ እንጂ ሬይን አላገኘም። እሷም ብትሆን የምትጠራው ቤን ብላ ነው፤ ወላጆቹ ባወጡለት ስም። የተዘረጋው እጅ ግን የካይሎ ሬን እጅ ነበር። ስለዚህ ግብዣውን እንቢ አለች፤ ሰውየውን እንቢ ያለችበት ቦታ እስካሁን ታጥቶብኛል።

ይህን ስል ከኪሴ አውጥቼ አይደለም። ሰይፉን ሲጓተቱ ማንም ማንንም አላሸነፈም፤ ሰይፉ መሀል ለመሀል ተሰንጥቆ ሁለቱም ወደቁ። ከዚያ ቀድማ የነቃችው እሷ ናት፤ እሱ መሬት ላይ ተዘርሮ ነበር። ሰይፍ ብትፈልግ የጠባቂዎቹ መሣሪያ ወለሉን ሞልቶታል። ትታው ሄደች። ወዲያው ጄኔራል ሃክስ ይገባል፤ ካይሎን ተዘርሮ ሲያየው እጁ ቀስ ብሎ ወደ ሽጉጡ ይሄዳል፤ ካይሎ በመንቃቱ ብቻ ነው ያመለጠው። የገዛ ወገኑ ራሱን የሳተ ሰው ሊገድል ሲከጅል አየን። ጠላቱ የተባለችው በዚያው ወለል ላይ፣ በዚያው ዕድል ምን አደረገች? ጆንሰን ሁለቱን ነገር አጎራብቶ ያስቀመጠው ዝም ብሎ አይመስለኝም።

ለነገሩ ይህ እጅ የመዘርጋት ነገር በእነዚህ ፊልሞች አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣውን ‹‹ዚ ኢምፓየር ስትራይክስ ባክ››ን እኔና እናትሽ ከሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ተከራይተን ነው ያየነው። እሱም መካከለኛ ክፍል ነው፤ እሱም ጨለማ ነው። ሃን በረዶ እንደመሰለ ብረት ደርቆ ይወሰዳል። ዳርት ቬደር የሉክን እጅ ይቆርጥና አባትህ ነኝ ብሎ፣ ና አብረን ጋላክሲውን እንግዛ ብሎ እጁን ይዘረጋለታል። ያው ግብዣ! ሉክም አልያዘውም፤ ከሚይዘው ገደል መግባት መረጠ። በዚያ ዘመን ሲኒማ ያየው ሕዝብ እስከ 1983 ድረስ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ሐዘን ይዞ ተቀምጧል። እኛስ ዕድላችን ጥሩ ነበር፤ ቀጣዩን ካሴት በማግስቱ ተከራየነው። በ‹‹ሪተርን ኦቭ ዘ ጄዳይ›› አባትየው ውስጥ ደግ ነገር አለ ብሎ ድርቅ የሚለው ማነው? ያ እጁን አልይዝም ብሎ የወደቀው ልጅ። ቬደርን ለማዳን የቻለውም እሱ ነው። ይዞት ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ጥቁር ለብሰው ይቀሩ ነበር። እና ሚጡዬ፣ ሉክ እጁ ሲቆረጥ አብሮ የወደቀው ሰይፍና ሬይና ካይሎ ሲጓተቱ የተሰነጠቀው ሰይፍ አንድ ነው። ታሪኩ ዕቃውን እንኳን አልቀየረም።

አሁን ደግሞ አክስትነቴ ይምጣ፤ ካልተናገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ፊልም ውስጥ ክፉውን ሰው ስንወደው ሚዛኑን የያዘው ደራሲው ነው፤ ሦስተኛ ክፍልም እንዳለ አስቀድመን ሰምተናል። ከሰው ጋር በሚኖር ኑሮ ግን ሦስተኛ ክፍል ይመጣል ብሎ የፈረመልሽ የለም። ማንም ሰው ወላጆችሽን አዋርዶ፣ አንቺንም ከንቱ ነሽ ብሎ፣ ለእኔ ግን ውድ ነሽ ቢልሽ ይቅርታ ሳትጠይቂ በሩን ዝጊበት፤ ይለወጥ አይለወጥ የራሱ ጉዳይ ነው። ሬይም ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ አስተካክላ። በእሷ ከመናደድ ይልቅ ልትማሪባት የምትችዪ ልጅ ናት። ተናገርኩ፤ ወጣልኝ።

በሩ ጋ ስንደርስ ደግሞ አንቺ ያለቀስሽበት ትዕይንት እኔን በጣም ያስደሰተኝ በአንድ ምክንያት ነው። ስኖክ ከመሞቱ በፊት አፉን ሞልቶ የተናገረውን አስታውሺ፤ የሁለቱን አእምሮ ያገናኘሁት እኔ ነኝ ብሎ ነበር። ይህን ስሰማ በጣም ነው የከፋኝ። እሳት ዳር የሆነው ሁሉ የአንድ አሮጌ ክፉ ሰው ወጥመድ ከሆነ ምን ቀረ? ስኖክ ሞተ። ድልድዩ የእሱ ቢሆን ኖሮ አብሮት መፍረስ ነበረበት። በፊልሙ መጨረሻ ግን ካይሎ ባዶው ምሽግ ውስጥ ተንበርክኮ የአባቱን ዳይስ ያነሣል፤ ቀና ሲል ሬይ ከመርከቡ በር ላይ ቆማ ታየዋለች፤ በሩን ስትዘጋበት ዳይሱም እጁ ላይ እያለ ይጠፋበታል። ያገናኘን እኔ ነኝ ያለው ሰው ከሞተ በኋላ ማለት ነው! ታዲያ ምኑ ነው ያለቀው? በጣም በጨለመው ሰዓት ፊልሙ በእጃችን ያስያዘን ማስረጃ ይህ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያንን ነገር የእነሱ የራሳቸው አይደለም የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

ሬይን ሆና የምትሠራውን የዴዚ ሪድሊንም ፊት እንደገና እይው፤ ድምፁን አጥፍተሽ። ጥላቻ ፈልጌ አጣሁበት። የደከመው ሰው ፊት ነው፣ የምታውቀውን ሰው የማታውቀው ቦታ ያገኘች ሴት ፊት። ካይሎን ሆኖ የሚሠራው አዳም ድራይቨርም የሚያያት ከታች ወደ ላይ ነው፤ አሁን ከስኖክ በኋላ የሁሉ የበላይ እሱ ሆኖ ሳለ።

አንድ ነገር ግን እኔና ባለቤቴ ልንስማማበት አልቻልንም፤ (ኋላ ደግሜ ስከፍተው ነቅቶ ያየው ይህችን ብቻ ነው፣ አሁን አዋቂ ሆኖብኛል።) በዚያች በመጨረሻዋ ሰዓት ግንኙነቱን የከፈተው ማነው? ፊልሙ አይናገርም። ባለቤቴ፣ ካይሎ ነው፣ ተንበርክኮ የሚጣራው እሱ ነው ይላል። እኔ ሬይ ናት እላለሁ፤ ልትሄድ ስትል ዞር ብላ ያየችው እሷ ናት። ቅዳሜ ስትደውዪ የማን ወገን እንደሆንሽ ንገሪን፤ በአንድ ሳህን ዶሮ ወጥ ተወራርደናል።

ብርድ ልብሱን ከሚመጣ ሰው ጋር እልካለሁ። በደንብ ብዪ።

አክስትሽ
እቴቴ